ካሴቱን ከመጣልዎ በፊት ያድምጡት

በብዙዎቻችን ቤት በቁም ሣጥን ላይ ወይም ከአልጋ ሥር በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ ወይም የሽኝት ቪዲዮ ካሴት አይጠፋም። ማጫወቻው ዴክ ከተበላሸ ወይም ከተሸጠ ዓመታት ስላለፉ ካሴቱን የሚያየው የለም። ይሁንና ለበዓል ቤት ሲጸዳ ለመጣል እጅ አይደፍርም። አሁን ግን ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ሱቆች በየሰፈሩ ስለሚገኙ ብዙ ቤተሰብ ካሴቱን እያወጣ ያስገለብጣል። ነገሩ መልካም ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ከግልበጣው በኋላ ስለሚደርስ አንድ ችግር ነው፤ ይኸውም ምስሉ ደህና ሆኖ ሳለ ድምፁ ተበላሽቶ ስለሚገኝበት ሁኔታ ነው።

ጉዳዩን ያመጣችልን በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንባቢያችን ናት። ትውልዷ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከጎብዬ ነው። ወላጆቿ በ1986 ዓ.ም. ጥር ወር ሲጋቡ ከደሴ የመጣ ባለ ካሜራ ሠርጉን ቀርጾታል። በካሴቱ ላይ አያቷ ወንበር ተሰጥቷቸው ሙሽራዋን ልጃቸውን ሲመርቁ ይታያሉ። አያቷ በ2006 ዓ.ም. አርፈዋል። ፎቶግራፋቸው አለ፤ ድምፃቸው ግን በዚህ ካሴት ላይ እንጂ በሌላ ቦታ የለም።

የራያ ቆላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት በታመሰበት ጊዜ ቤተሰቡ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ እናትየው ካሴቱን በነጠላ ጠቅልለው ከልጆቹ ልብስ ጋር ይዘውት ሄዱ። ሲመለሱ ከቤቱ ዕቃ አብዛኛው አልነበረም። ካሴቱ የተረፈው አብሮ ስለተሰደደ ነው። በኋላም ልጅቱ እንድታስገለብጠው አዲስ አበባ ላኩላት።

ልጅቱ ካሴቱን ወደ አንድ ሱቅ ወስዳ አስገለበጠችው። ምስሉ ዕድሜውን ያህል ደብዘዝ ያለ ቢሆንም ይታያል። ድምፁ ግን የተሰነጠቀ፣ የሚንኮሻኮሽ፣ ሰው ሲናገር ቃሉ የማይለይበት ሆኖ ተገኘ። ባለሱቁ፣ ካሴቱ አርጅቷል፤ ከዚህ የተሻለ አይወጣም፤ ከእንግዲህ መያዙም አያስፈልግም አላት። እሷም አምና የምርቃቱን ክፍል ወደ ጎብዬ በስልክ ላከችው። እናትየው ካደመጡ በኋላ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ መልኳን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል» አሏት። ቆይቶ ግን ወንድሟ በነገራት መሠረት፣ እናትየው ስልኩን አስቀምጠው፣ «ይኼ የእናቴ ድምፅ አይደለም» ብለው አልቅሰዋል።

አንባቢያችን ወደ ዝግጅት ክፍላችን የመጣችው ፍላሹንና ካሴቱን አንድ ላይ ይዛ ነው። ጥያቄዋም፣ ካሴቱ በእርግጥ ሞቷል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የሚል ነበር። እኛም ዴክና ቴሌቪዥን በመጠገን ረጅም ዘመን ወደኖሩ አንድ ባለሙያ አብረናት ሄድን። ከእሳቸው የተረዳነውን ለሌሎች እናቶችም ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ድምፁ ከካሴቱ ላይ የት ይገኛል?

በቤታችን የሚገኘው ቪኤችኤስ የተባለው የቪዲዮ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን አገር ለገበያ የዋለ ነው። በውስጡ ያለው ጥቁር ክር 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ምስሉ በሚሽከረከር ሄድ አማካይነት በክሩ መካከል በሰያፍ ይጻፋል። ድምፁ ግን ከላይኛው የክሩ ጠርዝ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ቀጭን መስመር፣ በማይንቀሳቀስ ሌላ ሄድ ይጻፋል። ክሩ የሚጓዘው በአገራችን በሚሠራበት በፓል ሥርዓት በሴኮንድ 2.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህም የዘፈን ካሴት ከሚጓዝበት ፍጥነት ግማሹን ያህል ነው። ስለዚህ የቪዲዮ ካሴት ድምፅ ከመነሻው ጠባብና ዝግ ባለ መንገድ የሚጓዝ ስስ ነገር ነው።

ጠርዝ ደግሞ በነጠላችንም እንደምናውቀው ቶሎ የሚያልቅ ክፍል ነው። ክሩ ሲታጠፍ፣ ሲሸበሸብ ወይም አቧራ ሲይዘው መጀመሪያ የሚጎዳው ዳሩ ነው። ምስሉ እያማረ ድምፁ የሚበላሽበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። እንደ ጎብዬ ባለ ሞቃት ቆላ ሙቀቱም ክሩን ያዳክመዋል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ባለሙያው ካሴቱን እንዳዩ ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። ዴኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅለው በቀጥታ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። በፍላሹ ላይ የተበላሸውን ያንኑ ደቂቃ ፈልገው አጫወቱት። የአያትየው ድምፅ ትንሽ የታፈነ ቢሆንም ሳይሰነጠቅ ተሰማ። አንባቢያችን እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ካሴቱ አልሞተም ነበር።

እናቶች ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህንን ያስታውሱ። ፍላሹ ላይ ያለው ድምፅ የተበላሸ እንደሆነ፣ በካሴቱ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ካሴቱን በዴክና በቴሌቪዥን ያድምጡት። በቴሌቪዥን ደህና ሆኖ በፍላሽ ከተበላሸ፣ ጥፋቱ የግልበጣው ነውና እንደገና ሊገለበጥ ይችላል። በቴሌቪዥንም የተበላሸ ከሆነ፣ ሄዱ መጽዳት አለበት፤ ወይም በሌላ ዴክ መሞከር ይገባል። በሁለትና በሦስት ዴክ ያው ከሆነ ብቻ ጉዳቱ የካሴቱ ነው ሊባል ይቻላል።

በአንባቢያችን ካሴት ላይ የተፈጸመው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ከዴኩ የሚወጣው የድምፅ ሽቦ የተሰካው በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ ነበር። ከማይክ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሺህኛ ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ቀዳዳ ያንን ደካማ ድምፅ አጉልቶ ለመቀበል የተሠራ ነው። ከዴክ የሚወጣው ግን ወደ ሲሶ ቮልት የሚጠጋ ነው። በስኒ የሚቀዳውን በባልዲ እንደመድፋት ነው። ሞልቶ የፈሰሰው ድምፅ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። የሚንኮሻኮሸውም ለዚህ ነው። ትክክለኛው መግቢያ ላይን ኢን የሚባለው ነው፤ ላፕቶፑ ይህ ከሌለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ መጠቀም ያሻል።

የድምፁን ሕመም በጆሮ መለየት

ልጅ ሲያለቅስ እናት ከለቅሶው ዓይነት ረሃብ ይሁን ሆድ ቁርጠት ለይታ ታውቃለች። የካሴት ድምፅም እንደዚሁ ነው።

ድምፁ ታፍኖ፣ ከግድግዳ በስተጀርባ የሚናገር ሰው የሚመስል ከሆነ፣ የድምፁ ሄድ ቆሽሿል ወይም አቀማመጡ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ይህ በጽዳት ወይም በባለሙያ ማስተካከያ ይድናል።

ድምፁ እየተወዛወዘ አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚዘገይ ከሆነ፣ ክሩ ተለጥጧል ወይም ክሩን የሚስበው የዴኩ ጎማ አልቋል። በሌላ ዴክ መሞከር ይገባል።

የማያቋርጥ ወፍራም እምምታ ከተሰማ፣ ከመብራቱ መስመር የገባ ነው። መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ያ ምልልስ በሽቦው ይገባል። ዴኩንና ኮምፒዩተሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ላፕቶፕ ከሆነም ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሥራት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል።

ጥዝታ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ድምፅ ከሆነና ዴኩ ሃይ ፋይ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ድምፁን የሚያነበው ከምስሉ ሥር ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ትራኪንግ የሚባለውን ማስተካከያ ማነካካት፣ ካልሆነም ዴኩን ወደ ተራው የጠርዝ ድምፅ መቀየር ነው።

ሰው ጮክ ሲል ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ ከላይ እንደተገለጸው በግልበጣው ጊዜ መጠኑ በዝቷል።

ምስሉና ድምፁ ሁለቱም እንግዳ ከሆኑ፣ ካሴቱ ከአሜሪካ ከዘመድ የተላከ እንዳይሆን ይጠይቁ። የአሜሪካው ሥርዓት ከእኛው ስለሚለይና ክሩም በተለየ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያስፈልገዋል።

ከግልበጣው በፊት መደረግ ያለበት

አንደኛ፣ በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን ይመልከቱ። ነጭ ሻጋታ ካለበት ዴክ ውስጥ አይክተቱት። ዴኩን ይበክላል፤ ከዴኩም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይተላለፋል። እንዲህ ያለው ለባለሙያ የሚሰጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ካሴቱ ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ቦታ የመጣ እንደሆነ ጤዛ ይይዛልና ለጥቂት ሰዓታት ሳይነካ ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ዴኩን በማያሳዝን ሌላ ካሴት ይፈትኑት። ክር የሚበላ ዴክ ከሆነ የእናትዎን ድምፅ እንዳይበላው።

አራተኛ፣ ዓመታት የቆየ ክር እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ፣ ከመጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይጠቅለል፤ ከዚያም ይመለስ።

አምስተኛ፣ የማይንቀሳቀሰው የድምፅ ሄድ ንጹሕ አልኮል በነካ ጥጥ በቀስታ ይጠረግና ይድረቅ። በሽቶ ወይም በአረቄ መሞከር ግን ጉዳት አለው። የሚሽከረከረውን የምስል ሄድ በጥጥ ማሸት ስለሚሰብረው ለባለሙያ ይተዉት።

ሱቅ ሲሄዱ ምን ይጠይቁ?

የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በግማሽ ሰዓት እናደርሳለን የሚል ካለ ይጠርጥሩ። ሙሉው ከመገልበጡ በፊት የሁለት ደቂቃ ሙከራ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ። ሙከራውም ከፀጥታው ቦታ ሳይሆን እልልታውና ከበሮው ከደመቀበት ቦታ ይሁን። ድምፅ የሚሰነጠቀው እዚያ ነውና። በኮምፒዩተሩ ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳየው መስመር ቀዩን መንካት የለበትም። ባለሙያዎች ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮው በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ያደርጋሉ። አነስ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ይጎላል፤ በዝቶ የተሰነጠቀው ግን አይመለስም። በወጥም ቢሆን ጨው ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።

ሙከራውንም በሱቁ ግርግር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡት። ገንዘቡን የሚከፍሉት ካደመጡ በኋላ ይሁን። ካሴቱንም ተቀብለው ይውጡ።

ስለ ማጽጃ ፕሮግራም

ዛሬ እንደ ኦዳሲቲ ያሉ በነፃ የሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። እምምታውን ይቀንሳሉ፤ የክሩን ሹሹታ ያሳንሳሉ፤ የተሰነጠቀውንም በመጠኑ ያለሰልሳሉ። የተሰነጠቀውን ሲያክሙ ግን የጎደለውን በግምት ሞልተው ነው፤ ያልተቀዳውን ሊያመጡት አይችሉም። ጽዳት ሲበዛም የሰው ድምፅ ከውኃ ሥር የሚወጣ ይመስላል።

በአንባቢያችን ካሴት ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። ባለሙያው እንደገና ከገለበጡት በኋላ ከጀርባ ያለውን ጫጫታ በፕሮግራሙ ቢያጠፉት የአያትየው ድምፅ ብቻውን ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አለን። አንባቢያችን ግን ሁለት ጊዜ አድምጣ፣ «አሜኑ የት ሄደ?» አለች። በወሎ ምርቃት አንዱ ይመርቃል፤ ሌላው እየተከተለ አሜን ይላል። አያትየው «ውለጂ፣ ክበጂ» ባሉ ቁጥር ከጓሮም ከደጅም አሜን ይሉ የነበሩትን ጎረቤቶች ፕሮግራሙ ጫጫታ መስሎት ጠርጎ አውጥቷቸዋል። ከእነዚያ ጎረቤቶችም ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ያልጸዳው ግልባጭ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ ጽዳት የሚደረገውም በሁለተኛው ቅጂ ላይ እንዲሆን ተስማማን። ይህን ለሁላችሁም እንመክራለን።

ሁሉም ነገር ዳነ ለማለት ግን አንችልም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲገባ ከበሮው ከካሜራው አጠገብ ይመታ ስለነበር፣ የካሜራው ማይክ ራሱ ድምፁን መሸከም አልቻለም። ከበሮው ሲመታ የሰዉ ዘፈን ዝቅ፣ ሲያርፍ ከፍ ይላል። ይህ በ1986 ዓ.ም. በዕለቱ የተቀረጸ ጉድለት ስለሆነ ማንም አያወጣውም። እንዳለ መቀበል ነው።

ጊዜው ለምን ያስቸኩላል?

የቪዲዮ ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ምርቱን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አቁሟል። ዛሬ የሚሠራ ዴክ የሚገኘው ከአሮጌ ዕቃ መካከል ነው፤ ሄዱና ጎማው ሲያልቅ የሚተካው ከሌላ አሮጌ ዴክ ተነቅሎ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ በማግኔት ክር ላይ ያለውን ቅርስ የማጫወት ዕድል እ.ኤ.አ. በ2025 ገደማ ሊያበቃ እንደሚችል አሳስበው ነበር። ያ ዓመት አልፏል። ዴኩን የሚጠግኑ እጆችም እየጠፉ ነው።

ከአሮጌ ካሴት ምን ሊወጣ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የቀዳውን ሙዚቃ የያዘ አንድ የቴፕ ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ በባሕር ዳር ከተማ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም፣ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ያንን ካሴት አንድ ሰው አርጅቷል ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። የእኛ የቤታችን ካሴት ለዓለም መድረክ ባይበቃም፣ ለልጅ ልጅ ይበቃል።

ከተገለበጠ በኋላስ?

ካሴቱን አይጣሉት። ነገ የተሻለ መሣሪያ ወይም የተሻለ ባለሙያ ሲገኝ ዋናው ምንጭ እሱ ነው። ክሩ ወደ አንድ ወገን ተጠቅልሎ፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ፣ ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ሙቀት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ማግኔት ስላለበት ከስፒከር ጎን አይደረግ። ፍላሽም ይጠፋል፤ ይበላሻልም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑርዎ፤ ሁለቱም በአንድ ቤት አይቀመጡ። የጎብዬና የቆቦ እናቶች በአንድ ቤት የተከማቸ ነገር በአንድ ቀን እንደሚጠፋ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ባለ እኅት ወይም ወንድም ዘንድ ይሁን።

አንባቢያችን አዲሱን ግልባጭ በሁለት ፍላሽ አድርጋ አንዱን ወደ አገሯ በሚሄድ ዘመድ እጅ ላከችው። በእሑድ ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንዳደመጠው በስልክ ነግራናለች። ምርቃቱ ሲጀመር እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጎንበስ አሉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች አሜን ሲሉ በቤቱ ያሉትም አብረው አሜን አሉ። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጅ፣ «ይህች ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ፣ «እናቴ ናት፤ አሁን አወቅኋት» አሏት።

ስለዚህ እናቶች፣ በመጪው የዕረፍት ቀናችሁ ያንን ካርቶን አውርዱት። ካሴቶቹን አውጡ፤ በላያቸው ላይ ማን እንዳለና በየትኛው ዓመት እንደተቀረጹ ጽፋችሁ ለጥፉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታስገለብጡት በሕይወት የሌለ ሰው የሚናገርበትን ይሁን። ባለሱቁ ሞቷል ቢላችሁም በራሳችሁ ጆሮ ሳታዳምጡ አትመኑት።